የሶሲ ፖስታና ያበጠው በር

ሐምሌ 6 ቀን 2007

ዛሬ ክስ ነው የምጽፈው። ተከሳሹ ሞተር የምጠቀልልበት ሱቄ በር ነው። ክረምት ሲገባ እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ዝናቡን ሽሽት ከዘጋሁት በኋላ ከውጭ ያለው ካልገፋ፣ ከውስጥ ያለሁት ደግሞ ካልሳብኩ አይከፈትም። አንድ በር ለመክፈት ሁለት ሰው! ማታ ስሄድ ገርበብ አድርጌ በሰንሰለት ነው የምቆልፈው። አናጺው ወልደሰማያት «ነገ በመላጊያ እነካካዋለሁ» ካለ ይኸው ሦስተኛ ክረምቱ።

አንድ ጥቅም ግን አለው። ማን እንደመጣ ሳላይ አውቃለሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አብዱልሰመድ በትከሻው ይገፋና «ያ አላህ» ይጨምርበታል። እህቴ ውብነሽ በሩን አትነካውም፤ ዝናብ ላይ ቆማ «እሱባለው!» ስትል ጊንጆ ሠፈር በሙሉ ይሰማል። የእሷ ልጅ ሶሲ ከታች በኩል ሁለት ጊዜ ትረግጠዋለች። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እንዲሁ ነው። አሁን ሃያ አምስት ሞልቷት ኮሌጅ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ እግሯ ግን አልተማረም።

ይህን ደብተር ያወጣሁት በሩን ለመክሰስ ነው። ሌላ የሚያስጽፍ ነገር የለኝም።

ሐምሌ 9

ሶሲ መጣች። ጃፓን ያለ የምርምር ቤት ለትምህርት እንደተቀበላት ካወቅን ሁለት ሳምንት ሆነን፤ ምን ልትሠራ እንደምትሄድ ግን ዛሬ ነው በደንብ የጠየቅኋት።

ማግኔት ነው። «እኔስ ሠላሳ ዓመት ምን የምጠቀልል መስሎሽ ነው?» አልኳት።

«ያንተ ሽቦ ይሞቃል ጋሼ። የእኛ አይሞቅም። ኤሌክትሪኩ ሲዞር ምንም አይባክንም።»

ሽቦም አይደለም። እንደ ካሴት ክር የሳሳ ጥብጣብ ነው፤ ሱፐርኮንዳክተር ይሉታል። በእሱ የሚጠቀለለው ማግኔት እጅግ ኃይለኛ ነው፤ ለሆስፒታል ማሽንም፣ የፀሐይን ዓይነት እሳት አምቆ ለመያዝም ይፈልጉታል። ግን እንዲሠራ ከዜሮ በታች እስከ መቶ ዘጠና ስድስት መቀዝቀዝ አለበት። ይህንን ደግሞ «የከፍተኛ ሙቀት» ብለው ሰይመውታል! የድሮዎቹ ከዚህ የባሰ ብርድ ካልሆነ ስለማይሠሩ ነው አለች። ስም ሲያወጡ አንድ የጋምቤላ ሰው እንኳ አላማከሩም።

ከዚያ የባሰውን ነገረችኝ። ጥቅልሉ መሐል ሽፋን አያደርጉም። ቫርኒሽ የለ፣ ወረቀት የለ። ዙሩ ዙሩን እየነካ! የእኔ ሞተር እንዲህ ቢሆን ወዲያው ይቃጠላል። እጄ ላይ የነበረውን ጥቅልል አስቀመጥኩና አብዱልሰመድን በግድግዳው በኩል ጠራሁት።

«ና ስማ! መንግሥት ስንት ዓመት አስተምሯት፣ እኔ ጋ ቢሆን በኩርኩም የምመልሰውን ስሕተት ተምራ መጣች!»

ሶሲም አብራን ሳቀች። ስትወጣ፣ ለቪዛ የሚያስፈልገው ዋናው ወረቀት በፖስታ እንደሚመጣ ነገረችኝ። ኤምባሲው ኮፒ አይቀበልም። በቤተሰቡ ያለው የፖስታ ሣጥን የእኔ ብቻ ነው፤ ቁልፉም አንድ ነው፣ እኔ ኪስ ውስጥ። የሁላችንም ደብዳቤ በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው።

ሐምሌ 14

ውብነሽ ከቤቷ ከቦሳ አዲስ ድረስ በባጃጅ መጣች። ገና ሳትቀመጥ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። «ይሄ የቫርኒሽ ሽታ አንድ ቀን ይደፋሃል።» ለእኔ ምንም አይሸተኝም። አፍንጫዬ ጡረታ ከወጣ ቆየ።

«ያሳበድካት አንተ ነህ» አለችኝ። «የሰው ልጅ አሻንጉሊት ሲያቅፍ አንተ ዲናሞ ስታሳቅፋት!»

እውነቷን ነው። ሶሲ ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው ዙር መቁጠር የጀመረችው። እኔ እጠቀልላለሁ፣ እሷ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ስድሳ ሁለት ላይ ስትደርስ «ሠላሳ ሰባት ነው ያልሽው?» እላታለሁ። ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና «ስድሳ ሦስት፣ ስድሳ አራት» እያለች ትቀጥላለች። አንድ ቀንም ላሳስታት አልቻልኩም። «አንቱ» እንዳትለኝ የከለከልኳትም ያኔ ነው። የሥራ ባልደረባ አንቱ አይባባልም።

ውብነሽ አንድ ጥያቄ ትታ ሄደች። ትምህርቱ አራት ዓመት ነው። ከዚያስ? ይህን ማግኔት የሚሠሩ ቤቶች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው፤ ሠራተኞቹ እርስ በርስ በስም ይተዋወቃሉ። ተመልሳ ብትመጣ እዚህ ማን ይቀጥራታል? ሶሲን ስትጠይቃት «ገና አላውቅም እማ» ነው ያለቻት።

እዚህ ማን ይቀጥራታል? ሳስብ ዋልኩ። ጥያቄው የውብነሽ ነው፤ ለምን እኔ ጋ እንዳደረ አልገባኝም።

ሐምሌ 16

ዘለቀን አገኘሁት፤ ላሞች የሚያዳቅለውን። ሞተር ብስክሌቱ ላይ ያሰራትን የኮርማ ዘር ማቆያ ትልቅ ፔርሙስ ሲከፍት ጢስ ወጣ። ምንድነው ስለው ፈሳሽ ናይትሮጂን ነው አለኝ። ሶሲ የነገረችኝ ብርድ ራሱ! እዚሁ ጅማ፣ ከላም ላም ሲዞር!

በዝናብ ሄጄ ነገርኳት። «ብርዱ ዘለቀ ጋ አለ። ጥቅለላው እኔ ጋ አለ። ታዲያ ጃፓን ምን ሊቀረው ነው?»

እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ አየችኝና «እየቀለድክ ነው አይደል ጋሼ?» አለች።

«ታዲያስ» አልኳት።

ሐምሌ 20

ፖስታው መጣ።

ነጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ስሟ በማሽን ተጽፎበታል። ከስምንተኛ ክፍል በላይ ባልሄድም ከሞተር መጻሕፍት ያጠራቀምኳት እንግሊዝኛ ይህን ለማንበብ አታንስም። ከስሟ በታች የእኔ ሣጥን ቁጥር አለ።

ወዲያው እሷ ጋ ልሮጥ ብዬ ነበር። መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት በደረቁ አይሰጥም። የቡ ከተማ የሚኖረው ሙሐመድሳኒ ለቡና መፈልፈያው ያስጠቀለለኝ ሞተር ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ጎኑ ላይ ሽቦዎቹ የሚገናኙባት ቆርቆሮ ሣጥን አለች፤ ክዳኗ በአራት ብሎን ይታሰራል። ፖስታውን አራት ጊዜ አጠፍኩና እዚያ ውስጥ ከተትኩት። የቡሄ ዕለት ካቻቢቴ እሰጣትና «እስቲ ይቺን ክፈቺ፣ ብልሽቱ ጠፋኝ» እላታለሁ። ስትከፍተው ፊቷን አያለሁ።

አብዱልሰመድ ቁልፍ ሊዋስ ገብቶ ብሎኑን ሳስር አየኝና «ምን ቀበርክ?» አለ። «ሙልሙል» አልኩት።

ቡሄ ሃያ ሦስት ቀን ብቻ ነው የቀረው።

ሐምሌ 22

ሁለት እርግጫ። «ጋሼ፣ ሣጥኑን አየህ?»

«ሸረሪት ብቻ ነው ያለው።»

ቀልዱ እንዳይበላሽ ነው።

ሐምሌ 27

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ሥራ ትቼ የሶሲን ጥቅልል ሞከርኩት። የመዳብ ሽቦ ቫርኒሹን ፍቄ፣ ራቁቱን ጠቅልዬ ባትሪ ላይ አሰርኩት። ምስማር አቀረብኩለት፤ አልሳበም። ሽቦው ሞቀ፣ ባትሪው ሞተ። ደስ አለኝ። ለምን ደስ እንዳለኝ እንጃ።

ሶሲ ስትመጣ አሳየኋት። «ይኸው ጃፓንሽ!»

አልተቆጣችም። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ አስረዳችኝ። የመዳብ ሽቦ ራሱ ኤሌክትሪኩን ስለሚያስቸግረው አቋርጦ በአጭሩ ያመልጣል፤ ጥብጣቡ ግን ስለማያስቸግረው መንገዱን ሳይለቅ ይዞራል። «አንድ ቦታ ላይ ቢታመም ደግሞ፣ ኤሌክትሪኩ ለጊዜው ወደ ጎረቤቱ ዙር ያልፋል። ሽፋን ቢኖር ማለፊያ አጥቶ እዚያው ያቃጥለው ነበር።»

«እንደ ጊንጆ ሰው ነዋ!» አለ ወሬውን ሰምቶ የገባው አብዱልሰመድ፣ መርፌው ከንፈሩ ላይ።

«አንተ ዕድሜህን ሙሉ እንዳይነካካ ስትሸፍን ኖረህ» አለችኝ እየሳቀች፤ «የእኛ ማግኔት የሚድነው ግን ሳይሸፈን ነው።»

ስታወራ እጇ ሞተሩ ላይ ነበር። ከክዳኗ አንድ ስንዝር።

ልነግራት ነበር። ቡሄ ግን ሁለት ሳምንት ተኩል ብቻ ነው የቀረው።

ነሐሴ 3

ቸኩያለሁ። ጃፓኖቹ በኢሜይል መልሰውላታል። ወረቀቱን ከላኩት ወር ሊሞላው ነው አሉ። ተተክቶ ቢላክ ለሚያዝያው ተማሪ ነው የሚደርሰው፤ ይህ ቦታ ደግሞ እስከ ሚያዝያ አይጠብቃትም። መስከረም ሃያ እዚያ መገኘት አለባት።

አብዱልሰመድ ሱቅ ከጓደኛዋ ጋር ስታወራ ግድግዳው አሰማኝ። ጓደኛዋ «አጎትሽ እኮ ተጫዋች ነው፤ ደብቆብሽ እንዳይሆን» አለቻት።

«ጋሼ? የሚጎዳ ነገር ላይ አይቀልድም» አለች ሶሲ።

የስፌት መኪናው ጮኸና የቀረውን አልሰማሁም።

ነሐሴ 9

የሙሐመድሳኒ ሞተር አልቋል። አይሱዙ እንደሚልክ ደወለ። እኔ ነገ ሽቦ ልገዛ መርካቶ መሄድ አለብኝ። እዚህ ጅማ መርካቶ ማለቴ ነው፤ ቅርብ ነው፣ ግን መዋል ይመጣል። ለአብዱልሰመድ የሱቁን ቁልፍ ሰጠሁት። «የየቡዎቹ ሲመጡ ያንን ሞተር ስጣቸው።»

«የትኛውን?»

«ጠረጴዛው ላይ ያለውን።»

ሥራ በዝቶብኛል። የምይዘውን የምጨብጠውን አላውቅም።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ሠፈሩ በጅራፍ ይጮኻል።

ሶሲ ሙልሙል ይዛልኝ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። ኮሌጁ ለመጪው ዓመት ትቀጥል አትቀጥል እንድታሳውቅ ጠይቋታል። «እቀጥላለሁ ልበል መሰለኝ ጋሼ» አለችኝ።

«ጥሩ ኮሌጅ ነው» አልኳት። ይህ ከአፌ ወጣ።

ሞተሩ ከሄደ ሦስት ቀኑ ነው። ረሳሁ። ሰው ይረሳል። ሽቦ ገዝቼ ስመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነበር፤ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። እምላለሁ፣ ያኔ ነው።

ነሐሴ 17

የየቡ መንገድ ጭቃ ነው ይላሉ። ነገ እሄዳለሁ።

ነሐሴ 19

ነገ።

ነሐሴ 23

«ያ አላህ» የሌለበት ትከሻ በሩን ገፋው። አብዱልሰመድ ገባና ቆመ። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ ሳይቀመጥ ሲያወራ አላየሁትም።

«እሱባለው፣ ያን ዕለት ብሎን ያሰርክበት ሙልሙል አይደለም።»

«ቀልድ ነበር።»

«እኔም ቀልድ መስሎኝ ነው አፌን የያዝኩት። ልጅቷ ትናንት እኔ ጋ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ማሊፍ? ለምን? ምን አደረገችህ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ነገ ወይ አንተ የቡ ትሄዳለህ፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ። ወላሂ እነግራታለሁ።»

ሲወጣ በሩን መሳብ ነበረብኝ። እሱ ሲገፋ እኔ ስስብ… ከውስጥ ሆኖ ለመውጣት እሱም አብሮኝ መሳብ እንዳለበት ረስቶት ሲገፋ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ወር እስቅበት ነበር።

ነሐሴ 24

የቡ ደርሼ መጣሁ። ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ነኝ።

ሙሐመድሳኒ «ኮቱ፣ ኮቱ! ግባ!» ብሎ ተቀበለኝ። ሞተሩ መፈልፈያው ላይ ታስሯል። «ሙከራ አስነስተነዋል፣ እንደ ንብ ነው የሚለው» አለኝ። ክዳኗን ልክፈት ስለው ደነገጠ። «ምን ሆነ? ቡናው ሊቀላ ወር ቢቀረው ነው፤ አንተ እንዳታበላሽብኝ!»

«አንዲት ብሎን ማላላቴን ተጠራጥሬ ነው።»

«አንተ እኮ አትጠራጠርም ነበር። አረጀህ!»

አራቱን ብሎን ፈታሁ። ፖስታው አለ። ጠርዙ ረጥቧል፤ ሽቦዎቹ የተጫኑበት ቦታ መስመር አበጅቷል። እጥፋቱን ዘርግቼ ዳበስኩት፤ ውስጡ ደህና ነው። እሽጉ አልተከፈተም። ሸሚዜ ውስጥ፣ ሆዴ ላይ አድርጌው ተመለስኩ።

ሙሐመድሳኒ ሲሸኘኝ «ያቺ ዙር የምትቆጥረው ልጅ ደህና ናት?» አለኝ። ደህና ናት አልኩት።

ነሐሴ 25

ሌሊቱን ስገለባበጥ አንድ ብልሃት አገኘሁ። በእጄ ብሰጣት ብዙ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ፖስታ ቤት ሄጄ መልሼ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ ቁልፉን ለሶሲ ሰጠኋት። «ጉልበቴን አሞኛል፤ ዛሬ አንቺ ሂጂ።»

ፖስታ የትም አገር ይዘገያል። ማንም አልተጎዳም። በሩጫ ከሄደች ትደርሳለች። ሁሉም ነገር በቦታው ነው።

እንዲያውም ትንሽ ተኩራርቻለሁ።

ነሐሴ 26

ትናንት ማታ ትመጣለች ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት መጣች። በሩ ክፍት ነበርና አልረገጠችውም። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ አራቱን እጥፋት በመዳፏ ደጋግማ አስተካከለች። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

«ጋሼ፣ ፖስታ ቤቱ ቫርኒሽ ይቀባል እንዴ?»

ነጥቄ አሸተትኩት። ምንም። ለእኔ ምንም አይሸትም። እኔና እሷን ያሳደገ ሽታ፣ እሷ ጋ አለ፣ እኔ ጋ የለም።

«ሶሲዬ…» አልኩ። ቀልድ ፈለግኩ። ሁልጊዜ አንድ አላጣም ነበር።

የፖስታ ሣጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ደህና ይዋሉ» ብላኝ ወጣች። ይዋሉ አለችኝ።

ጳጉሜ 2

አዲስ አበባ ሄዳለች፣ ለቪዛው። ከውብነሽ ነው የሰማሁት። ውብነሽ ግን ስለ ፖስታው ምንም አላነሣችም። ሶሲ አልነገረቻትም ማለት ነው። ብትነግራት ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ ጊንጆ እስኪሰማ ትጮኽብኝ ነበር።

መስከረም 1 ቀን 2008

አዲስ ዓመት። ለመላው ዘመድ ደወልኩ። አንድ ቁጥር ላይ ጣቴ ቆመ።

መስከረም 4

ዛሬ ስጠቀልል ቁጥሩ ጠፋኝ። ስድሳ ሁለት ይሁን ሠላሳ ሰባት። ማንም አላናገረኝም፤ ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ሁሉንም ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ።

መስከረም 7

ቪዛው ወጣ። ደስ አለኝ፤ ይህን ጽፌ ቆይቼ አነበብኩት፤ እውነት ነው። ወዲያው ደግሞ ከፋኝ፤ ያም እውነት ነው። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚኖሩ ሶሲን ብጠይቃት ታስረዳኝ ነበር።

መስከረም 11

ውብነሽ ዝናብ ላይ ቆማ ጠራችኝ። ሶሲ ነገ ማለዳ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ አውሮፕላኑ መስከረም 15 ነው። ዘመድ ሁሉ ዛሬ እነሱ ቤት ይሰበሰባል።

«አንተስ? ከጠዋት ጀምሮ ስትጠየቅ ነው የዋልከው።»

«ሶሲ ጠየቀችኝ?»

ውብነሽ መልስ ከመስጠቷ በፊት ነጠላዋን አስተካከለች። «እሷ እንኳ ሥራ አለበት ነው ያለችው። ምንድነው በመሐላችሁ?»

«ሥራ አለብኝ» አልኳት።

ሄደች። ዝናቡ ባሰበትና በሩን እስከ መጨረሻው ዘጋሁት። አብዱልሰመድ ለአረፋ የሚሰፋው ልብስ ተከምሮበታል፤ መኪናው ያለ ዕረፍት ይንጫጫል። ዛሬ አይመጣም። ዛሬ ማንም አይመጣም። ሁሉም ቦሳ አዲስ ነው።

እስቲ ለአንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው። የዚህ ደብተር መጀመሪያ ላይ በር ከሰስኩ። ከዚያ ማን ይቀጥራታል ብዬ ስጨነቅ ከረምኩ፣ የተቀበላት ቤት ወረቀት ላይ ክዳን እያሰርኩ። ቀልድ ነበር ማለት እችላለሁ። ቀልድ ግን የሚስቅ ሰው ይፈልጋል፤ ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኔም አልሳቅኩም። ቦሳ አዲስ ሄጄ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ሶሲ፣ እኔ…» ብዬ ምን እላለሁ? አላውቅም። ጽሑፉ እዚህ ላይ ይሰናከልብኛል። እኔ የሞተር ሰው ነኝ፤ የተቃጠለውን ጥቅልል አውጥቶ መጣል ነው የማውቀው። ያለ ሽፋን እንዴት

አብዱልሰመድ መኪናውን አቆመ። ለምን አቆመ?

በሩ። ከታች በኩል።

ሁለት ጊዜ።

እንደገና ሁለት ጊዜ። ዝናቡ ላይ ቆማለች። እኔ ካልሳብኩላት አይከፈትም።